ከመወልወያው ጨርቅ በፊት

(ለጊታርና ለቫዮሊን ተማሪዎች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ቦታ አለ። መሣሪያ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ እባካችሁ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት። ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ። ለጊዜው ኬዙ ውስጥ አስተኙት።

ስለ መሣሪያ አያያዝ አውራ በተባልኩበት ሁሉ መጀመሪያ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «በምን ልወልውለው?» ዘይት ይሻላል? የቤት ዕቃ ማብሪያው ይሆናል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአቧራ የሞተ ጊታር አይቼ አላውቅም። ላብ የጠገበ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ ለማየት የሚያስጠላ ጊታር አይቻለሁ፤ ድምፁ ግን ቁጭ ብሏል። እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ሆዱ (የፊት ጣውላው) ግን ከብሪጁ፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት፣ እስከ ጠርዙ የተሰነጠቀም አይቻለሁ። ባለቤቱ በየሳምንቱ ይወለውለው ነበር። የጎዳው የክፍሉ አየር ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ጨርቅ ትንሽ፣ ስለ አየር ብዙ አወራለሁ።

ይቺን ጊታር እዩልኝ። በድምፅ ቀዳዳዋ ጠርዝ በኩል ስታዩት የፊቷ ጣውላ ሦስት ሚሊሜትር ቢሞላ ነው። እዚህ ስስ ነገር ላይ ስድስት የብረት ክሮች ተወጥረዋል። እንደ ክሩ ውፍረት ቢለያይም የስድስቱ ጉልበት ሲደመር 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አንድ ትልቅ ሰው ክሮቹን ይዞ ሌት ተቀን ሲጎትት አስቡት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል የሰማ ሰው ይኸው በዓይኑ ይይ። የናይለን ክር የሚሳበው የዚህን ግማሽ ያህል ነው፤ ለዚህ ነው በናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር አትግጠሙ የሚባለው። መጀመሪያ ደህና ይመስላል። ከወራት በኋላ ሆዱ ይነፋል፣ ብሪጁ ይነሳል።

እንግዲህ ጣውላው ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ፣ በዚያ ላይ መጠኑ አይረጋም። ዛፉ ከተቆረጠ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም እንጨቱ ከአየር ጋር ውሃ መቀባበሉን አያቆምም። አየሩ ሲረጥብ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ይተፋል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲተፋ ይከሳል። ታዲያ በቁመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። የሚያብጠውም የሚከሳውም በጎኑ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የትልቅ ጊታር ሆድ በሰፊው ቦታ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። አየሩ ክፉኛ ሲደርቅ ይህ ጣውላ በጎኑ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ መጥበብ ይፈልጋል። ከሥሩ ግን ማገሮች ተለጥፈውበታል። እንደ ጎጆ ማገር ቁጠሯቸው፤ ጣውላው እንዳይጎብጥ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ማገሮቹ የጣውላውን መስመር አቋርጠው ነው የተኙት። የእነሱ ርዝመት ደግሞ አይቀንስም። ጣውላው «ልጥበብ» ይላል፤ ማገሩ «ንቅንቅ የለም» ይላል። በመሐል የሚቀደደው ጣውላው ነው። ማንም ሳይነካው፣ ኬዙ ውስጥ እንደተኛ። ሌሊት «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምተው ጠዋት ስንጥቅ ያገኙ ሰዎች አውቃለሁ።

«ቫርኒሽ ተቀብቷል አይደል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። በውጭ በኩል አዎ። ማታ ቤት ስትገቡ ግን በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ እዩ። ውስጡ ጥሬ እንጨት ነው። የውጩም ቫርኒሽ ቢሆን እርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም።

አሁን ወደ አየሩ። ሰዎች ብርድን ይፈራሉ። ብርዱ ብቻውን ያን ያህል ችግር አይደለም፤ ችግር የሚመጣው ያን ብርድ አየር ወደ ቤት አስገብተን ስናሞቀው ነው። አየር ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። 0 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ጢም ብሎ ቢጠግብ የሚይዘው ውሃ 5 ግራም አይሞላም። 20 ዲግሪ ላይ ግን ከ17 ግራም በላይ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ውጭ ጭጋግ ሆኖ 100 በመቶ የነበረው አየር፣ ክፍላችሁ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። ውሃው አልቀነሰም፤ ጥማቱ ነው የጨመረው። ያን ጥማት ከየት ያረካል? ከከንፈራችሁ፣ ከአበባው፣ ከጊታራችሁ። ማሞቂያ አጠገብ የተቀመጠ መሣሪያ ላይ የሚደርሰው ይህ ነው። የበጋ ደረቅ ነፋስም ያው ነው፣ በሌላ መንገድ የመጣ።

የሚፈለገው ቁጥር ከ45 እስከ 55 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ነው፤ አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ ውስጥ የያዘው ድርሻ ማለት ነው። ከ40 እስከ 60 ድረስ ብዙም አትጨነቁ። ይህን በቆዳችሁ አታውቁትም። መለኪያ ያስፈልጋል። ትንሿ ዲጂታል ሃይግሮሜትር ኬዝ ውስጥ ትገባለች። አዲስ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ውድ ክር ከመግዛታችሁ በፊት፣ እሷን ግዙ።

ርካሾቹ ሃይግሮሜትሮች ግን ይዋሻሉ። ልትፈትኗቸው ትችላላችሁ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፤ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ብቻ፣ ጨው እንዳይሟሟ። ክዳኑንና መለኪያውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዝጉና አሳድሩት። በእርጥብ ጨው ላይ ያለ የታፈነ አየር 75 በመቶ ላይ ይረጋል። የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጠዋት መለኪያው 75 ካለ ጤነኛ ነው። 70 ካለ፣ ከዚያ ወዲያ በሚያሳያችሁ ሁሉ ላይ 5 እየደመራችሁ ኑሩ። መጣል አያስፈልግም።

ለሚደርቅበት ወር መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሚሸጡ እርጥበት ሰጪዎች አሉ፤ ጥሩ ናቸው። ከሌላችሁ የሳሙና ማስቀመጫ ውሰዱ፣ ክዳኑን በምስማር ብሱት፣ ውስጡ እርጥብ ስፖንጅ አድርጉ፣ ኬዙ ውስጥ ከጊታሩ ራስ ሥር አስቀምጡት። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ስፖንጁን ጭመቁት። አንድ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጭመቁት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ አልጨመቅኩም። ኬዙን አቁሜ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስከፍተው ውሃው በአንገቱ በኩል ወርዶ ጣውላው ላይ ካርታ ሥሏል። ካርታው እስከ ዛሬ አለ።

መለኪያ ባይኖራችሁም መሣሪያው ራሱ ይናገራል። ጣታችሁን በአንገቱ ጎን ላይ፣ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ባለበት በኩል፣ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱ። እንደ ሞረድ ከጫሯችሁ ደርቋል። ፍሬቶቹ አላደጉም፤ ብረት አያድግም። በዙሪያቸው ያለው እንጨት ነው የከሳው። ቀጥሎ ማስመሪያ አምጡና ከብሪጁ ጀርባ ሆዱ ላይ በአግድም አስቀምጡ። የብዙ ጊታሮች ፊት ጠፍጣፋ አይደለም፤ በትንሹ ጎላ ያለ ነው። ማስመሪያው በመሐል በኩል ካልነካ፣ ጎድጉዷል ማለት ነው፤ ውሃ ጠምቶታል። በተቃራኒው ሆዱ ከልክ በላይ ከተነፋ፣ ክሮቹ ከአንገቱ ከራቁ፣ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ከመሰለ፣ ውሃ በዝቶበታል።

ይህን ባለማወቄ ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። በአንድ ደረቅ ወር ጊታሬ ዝዝዝ ማለት ጀመረ። ክሩ ነው ብዬ ክር ቀየርኩ። ዝዝዝ። ሌላ ዓይነት ክር ቀየርኩ። ዝዝዝ። ከዚያ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ አጥንት አውጥቼ ከፍ ያለች ገጠምኩ። ጸጥ አለ። እኔም ባለሙያ የሆንኩ መሰለኝ! ዝናብ ሲገባ ሆዱ ተነፋ፣ ክሮቹ ተሰቀሉ፤ ኤፍ ኮርድ ለመያዝ ጣት ሳይሆን ጉጠት አስፈለገኝ። አጥንቷን ሞረድኳት። ተስማማች። ደረቁ ወር ሲመለስ ዝዝዙም ተመለሰ። በሁለት ዓመት ሦስት አጥንት ጨረስኩ። ጊታሩ ግን ምንም አልነበረበትም። ወቅት ነበር የተለወጠው፤ እኔ ወቅትን በሞረድ ላስተካክል እየታገልኩ ነበር።

የአንገቱ ውስጥ ዘንግም እንዲሁ ነው። ብዙ የብረት ክር ጊታሮች አንገታቸው ውስጥ የሚስተካከል ብረት አላቸው። የጊታር አምራቹ የጊብሰን ባልደረባ ቴዲየስ ማክሂው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ፓተንት ያገኘበት ነገር ነው። ሥራው የአንገቱን ጉብጠት ማስተካከል ብቻ ነው። ሰዎች ግን የክር ከፍታ ማስተካከያ እያስመሰሉ ያጠብቁታል። መንካት ካለባችሁ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ቃኝታችሁ ጠብቁ፣ ከዚያ እዩ። እምቢ ካለ አትታገሉት። ከሁሉ በፊት ግን እርጥበቱን አስተካክሉና ሁለት ሳምንት ስጡት። ብዙ ጊዜ ዘንጉን መንካት ሳያስፈልግ ይቀራል።

ሙቀት ሌላው ነው። ይህም ከራሴ ነው፤ ዛሬ ራሴን እያጋለጥኩ ነው መሰል። ጊታሬን መኪና ውስጥ ትቼ ለአንድ ጉዳይ ገባሁ። ጥቁር ኬዝ፣ የተዘጋ መስኮት፣ የቀትር ፀሐይ። ጉዳዩ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ስመለስ ኬዙ የጋለ ምጣድ ሆኗል። ጊታሩ በዓይን ሲታይ ምንም አልሆነም። ማታ ስቃኘው ግን አልቃኝ አለ፤ አንድ ክር ሳስተካክል ሌላው ይወርዳል። ሦስተኛው ቀን ላይ የብሪጁን ጀርባ በወረቀት ሞከርኩት። ወረቀቱ ገባ። ገብቶ እስከ ግማሽ ሄደ።

የወሰድኩላቸው ጠጋኝ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት፤ ከዚያ «ኮላው ባይለቅ እንጨቱ ነበር የሚቀደደው፤ አመስግነው» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም። የእንጨት ኮላዎች አብዛኞቹ ከ60 ዲግሪ ሲያልፉ መለስለስ ይጀምራሉ። በላዩ ያ 70 ኪሎ አለ። ኮላው ሲለሰልስ ክሮቹ ብሪጁን ይዘው መነሳት ነው። ግን የለቀቀ ኮላ ይጸዳና ይመለሳል። የተቀደደ ጣውላ መቼም እንደነበረው አይሆንም። ቫዮሊን ሠሪዎች ይህን አውቀው ነው የሚሠሩት። የፊቱን ጣውላ ከጎኑ ጋር የሚያገናኙት ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ኮላ ነው፤ ያውም ሆን ብለው አቅጥነው። እንጨቱ ሲጨነቅ መጋጠሚያው እንዲከፈት ነው። ለጥገናም በስስ ቢላዋና በጥቂት ውሃ ይከፈታል። ስለዚህ ቫዮሊናችሁ በጎኑ በኩል ቢከፈት አትደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። በፈጣኑ ማጣበቂያ የዘጋችሁት ዕለት ግን፣ ቀጣዩ ጭንቀት በጣውላው መሐል ይወጣል። ያን ትንሽ ቱቦ ከቤት አውጡት።

አሁን ወደ ግድግዳው። ተደግፎ የቆመ ጊታር የሚወድቀው ሁልጊዜ ወደ ጎን ወይም በፊቱ ነው። መጀመሪያ የሚመታው ራሱ ነው። ራሱ ወደኋላ ጋደል ያለ ጊታር ካላችሁ፣ አንገቱ ከራሱ የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። የእንጨቱ መስመር እዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቋረጣል፤ በአጭሩ የተቆረጠ ነው። የክር መወጠሪያ ቁልፎቹ ደግሞ ከበድ ይላሉ። ኬዙ ውስጥ ሆኖ እንኳ በጀርባው ሲወድቅ በዚያ ቦታ የሚሰበር አለ። ሲንቀሳቀስ ከራሱ ሥር ትንሽ ጨርቅ ደልድሉ። ማስቀመጫ እግር የምትጠቀሙ ደግሞ ጎማውን ልብ በሉ። ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ያላቸው ጊታሮች ከአንዳንድ ጎማና ፕላስቲክ ጋር አይስማሙም፤ ቫርኒሹ ይቀልጥና ምልክት ይቀራል። በጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት።

ለቫዮሊኖቹ ሁለት ነገር ልጨምር። ሁሉንም ክር በአንድ ጊዜ አታውልቁ። ውስጥ፣ በብሪጁ ቀኝ እግር አጠገብ፣ አንዲት እርሳስ የምታክል እንጨት ቆማለች። አልተጣበቀችም። ክሮቹ ብሪጁን ወደታች ሲጫኑ ጣውላው ነው የሚይዛት። ጣልያኖችና ፈረንሳዮች በየቋንቋቸው «ነፍስ» ይሏታል። ክሮቹ ሁሉ ሲላሉ ነፍስ ትወድቃለች። ኮረር ስትል ትሰማላችሁ። ያኔ ክሩን መልሳችሁ አትወጥሩ፤ ወደ ጠጋኝ። ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ። ብሪጁንም ዓይታችሁ አስተካክሉት፤ ስትቃኙ ክሮቹ ወደ ፊት እየጎተቱ ያዘነብሉታል።

ሁለተኛው ደጋኑ ነው። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ አላሉት፤ ካልሆነ እንጨቱ ጉብጠቱን ያጣል። ኬዛችሁ ለወራት ከተዘጋ ደግሞ የደጋኑ ፀጉር አንድ በአንድ ተበጥሶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያ ብል ነው። የጥንዚዛ ዘር ትል ናት፤ የፈረስ ጭራ ትበላለች። ጨለማና ጸጥታ ትወዳለች። ኬዙን በቫኪዩም ጥረጉ፣ ከፍታችሁ ብርሃን አስገቡበት። በየቀኑ የሚከፈት ኬዝ ውስጥ ብዙም አትኖርም።

ጨርቁ ቀረ፣ አይደል? ቃል ገብቻለሁ። ከመጫወታችሁ በፊት እጅ መታጠብ። ከተጫወታችሁ በኋላ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ክሩን ከላይም ከሥርም ማበስ። የቫዮሊን ሮዚን (የደጋኑ ፀጉር የሚቀባው ሙጫ) ብናኝ በዚያው ዕለት፤ ካደረ ከቫርኒሹ ጋር ይጣበቃል። ጥቁሩን የጣት ሰሌዳ በዓመት አንዴ ሁለቴ በጥቂት ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ወዲያው ጠርጎ ማድረቅ። ቫርኒሽ የተቀባውን ነጣ ያለ የሜፕል ሰሌዳ ግን ዘይት አታስነኩት። አልኮል የትም ቦታ አይነካም። ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ የተቀቡ መሣሪያዎች አሉ፤ አልኮል ሼላክን ያሟሟዋል። ሳኒታይዘር ተቀብታችሁ ሳይደርቅ ጊታር ካቀፋችሁ የክንዳችሁ ቅርጽ እዚያው ይቀራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጥያቄ እንቀበል።

*ለወራት ሳልጫወት ብተወው ክሩን ላላላው ወይ?*

ጊታር ከሆነ አንድ ድምፅ ያህል ዝቅ አድርጉት፤ አይጎዳም። ቫዮሊን ከሆነ ነፍስን አስታውሱ፤ ብዙ አታላሉት። ከክሩ ይልቅ የት እንደምታስቀምጡት አስቡ። ጣሪያ ሥር አይሆንም፣ ምድር ቤት አይሆንም። እናንተ የምትተኙበት ክፍል ይሻለዋል። ለእናንተ የተመቸ አየር ለእሱም አይከብደውም።

*አሮጌ መሣሪያ ባይነካ አይሻልም?*

አባቴ፣ እርስዎ ያነሱት ትልልቆቹም ያልተስማሙበት ነው። ጣልያናዊው ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ እንደ አውሮፓውያን በ1716 የሠራው «መሲሕ» የተባለው ቫዮሊን ኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እምብዛም አልተጫወቱበትም፤ ሲያዩት ትናንት የተሠራ ይመስላል። የዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች የፓጋኒኒ ቫዮሊን ደግሞ አለ። ሌላው ጣልያናዊ ሠሪ ጓርኔሪ በ1743 የሠራው፣ ከድምፁ ብዛት «መድፍ» የሚሉት። ጄኖቫ ከተማ ያስቀምጠዋል፤ አልፎ አልፎ አውጥተው ይጫወቱበታል። ሁለቱም ተርፈዋል። ሁለቱንም ያተረፋቸው የሚጠበቅ አየር ነው። እኔን ካሉኝ ግን መድፉን መሆን እመርጣለሁ።

*የጊታሬ ፍሬቶች ጣቴን እየቧጨሩኝ ነው። ጫፋቸውን ላስሞርድ?*

የት ነው የምታስቀምጪው? … መስኮት ሥር፣ ማሞቂያው አጠገብ። ሳቃችሁን ሰማሁ፤ አትሳቁባት፣ እኔ ሦስት አጥንት ጨርሻለሁ። አሁን አታስሞርጂው። ወደ ኬዙ መልሺው፣ ስፖንጅ አድርጊለት፣ ጭመቂው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣትሽን እንደገና አንሸራቺ። ያኔም ከቧጨረሽ ይዘሽው ነይና አብረን እናየዋለን።